ኪኒን ያቋረጥኩበት ክረምት

ጎንደር ላይ ፀሐይ ወለል ብላ ስትወጣ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፤ እኔን ግን ይከፋኛል። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንዱ ተነሥቶ መስኮቱን ይበረግድና «እንዴት ያለ ሸጋ ቀን ነው» ሲል በሆዴ እረግመዋለሁ። የእኔ ሸጋ ቀን ደመናው ጣሪያ ላይ የተኛበት፣ ሌላው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ የሚነጫነጭበት ቀን ነው። ፀሐይ ከበረታች የሚታየኝ ነጭ ነገር ብቻ ነው። ሰው ፊቴ ቆሞ «እንዴት ዋልሽ» ሲለኝ በድምፁ ነው የምለየው። ሲመሽ ግን ከማንም አላንስም።

ዳፍንትን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጀምበር ስትጠልቅ አላይ የሚያሰኝ በሽታ ነው። የእኔ የዚያ ተቃራኒ ስለሆነ የሚያምነኝ አጣሁ። «ቀን አታዪ፣ ማታ ታያለሽ፤ ጅብ ነሽ እንዴ?» ያለኝ ባልደረባ አለ። ለሳቅ ነው ያለው፤ እኔም አብሬ ስቄአለሁ። አገራችን ላይ ሴትን ጅብ ማለት ተራ ቀልድ እንዳልሆነ ግን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እስካሁን ሻይ አልጋብዘውም።

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ነገሩ የጀመረው በቀይ እስክሪብቶ ነው። ፈተና ሳርም የእኔ ቀይ ምልክትና የተማሪው ሰማያዊ ጽሑፍ አንድ እየሆኑ አስቸገሩኝ። መጀመሪያ እስክሪብቶውን ወቀስኩ፣ ቀጥሎ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ የክፍሉን መስኮት። ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ አዘዞ ከሚገኘው ቤቴ ወጥቼ ወደ ፒያሳ የሚሄደውን ሚኒባስ ስሳፈር መርገጫው አልታየኝምና በጉልበቴ ወደቅሁ። ረዳቱ ብድግ አድርጎ አነሣኝና «እናቴ፣ በጧቱ ነው እንዴ?» አለኝ፤ ጠጥታለች ብሎ ነው። ተሳፋሪው ሳቀ። በሳምንቱ ሆስፒታል ሄድኩ።

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ታናሽ እህቴ ብትሆን የማያስገርም። ዓይኔ ላይ ጠብታ አድርጋ፣ ጨለማ ክፍል አስገብታ፣ ፎቶ አንሥታ ስትጨርስ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። ሐኪም ወንበሩን ወደ ሰው ከሳበ ደግ ነገር ሊናገር አይደለም። ሬቲናዬ ላይ ያሉት ኮን የሚባሉ ህዋሳት እየሞቱ እንደሆነ ነገረችኝ። በዘር የሚመጣ ነው፣ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ መድኃኒት እስካሁን የለውም። ሮድ የሚባሉት፣ በጨለማ የምናይባቸው፣ ደህና ናቸው።

ይህን ትምህርት እኔ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ኮን ለቀን ብርሃንና ለቀለም፣ ሮድ ለድንግዝግዝ። ሰሌዳ ላይ ስሥላት ኮኗን እንደ ቃሪያ ጫፏን ሹል አደርጋታለሁ፣ ተማሪዎቹም ሁልጊዜ ይስቃሉ። ያን ቀን ግን ሐኪሟን ደጋግሜ አስደገምኳት። ማንበብ እችላለሁ ወይ? እያደር ይከብዳል። ማስተማርስ? የሰው ፊትስ? እሷም እያንዳንዱን ሳትሸሽ መለሰችልኝ። ስለ ዓይኔ ብቻ ሳይሆን ስለ እንጀራዬም እየተናገረች እንደነበር ሁለታችንም ገብቶናል።

አባቴ ትዝ አለኝ። እኔ ልጅ ሳለሁ ነው የሞተው። ቀትር ላይ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ሰው ሳይሳለም ያልፍ ስለነበር ባደግሁባት ኮሶዬ ውስጥ ኩሩው የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ኩሩ አልነበረም፤ አያያቸውም ነበር። ለቅሶው ላይ እንኳ ኩሩነቱን እያነሡ ነው ያለቀሱለት። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሐኪሟ የምወስደው ሌላ መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ለእንቅርት፣ የታይሮይድ ኪኒን አልኳት። ያደግሁበት ደጋ ላይ እንቅርት የሌላት ሴት ብርቅ ነበረች። የእናቴን አንገት ዙሪያውን ንቅሳት ይዞታል፤ ለጌጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ ግን እንቅርቱን ያግደዋል ተብሎ በልጅነቷ የተነቀሰችው ነው። አላገደውም። የእኔ እብጠት ትንሽ ናት፣ በሻሽ ትሸፈናለች፤ ዕጢው ግን ሥራ ከፈታ ቆይቷል፣ ሆርሞኑን አያመነጭም። ስለዚህ በየማለዳው እህል ሳልቀምስ አንዲት ነጭ ኪኒን እውጣለሁ። ያለ እሷ ሰውነቴ ይንቀራፈፋል፣ ይበርደኛል፣ አእምሮዬ ይተኛል።

ኪኒኑን ስነግራት ሐኪሟ አንድ ነገር ልትል ጀምራ ተወችው። አስተማሪ ነኝ፤ መልሱን እያወቀ አፉን የሚዘጋ ተማሪ አያመልጠኝም።

«ምን ልትዪ ነበር ዶክተር?»

«ምንም አይደለም፤ አይጦች ላይ የታየ ነገር ነው።»

«የአይጥም ቢሆን ንገሪኝ።»

ነገረችኝ። የታይሮይድ ሆርሞን ገና ጽንስ ሳለን ኮኖቹን ከሚቀርጹት ነገሮች አንዱ ነው፤ የትኛዋ ኮን የትኛውን ቀለም እንደምትቀበል ሲደለደል የእሱ እጅ አለበት። ካደጉ በኋላ ግን ሲበዛባቸው ይጎዳቸዋል። የእኔን የመሰለ በሽታ ያለባቸው አይጦች ሆርሞኑ ሲጨመርባቸው ኮኖቻቸው ቶሎ ሞቱ፤ ሲታገድላቸው ደግሞ ብዙ ኮን ተረፈላቸው።

«ሰው ላይ ግን አልተረጋገጠም» አለች ድምፅዋን ጠንከር አድርጋ። «ኪኒንዎን እንዳይነኩ። ደምዎ ይለካል፣ መጠኑ ልክ ይደረጋል፣ በቃ። ከዚያ ውጭ ያለው ለአይጥ ነው። ሰሙኝ?»

ሰምቻለሁ። እኔ ጋ የቀረው ግን «ተረፈላቸው» የሚለው ብቻ ነበር። እንደ እውነቱ ቀናሁባቸው፤ የማላውቀው አገር፣ የማላውቀው ክፍል ውስጥ፣ በሣጥን የሚኖሩ አይጦች ኮናቸው ተረፈ፣ የእኔ እየሞተ ነው። ማለዳ ማለዳ ያቺን ኪኒን መዳፌ ላይ አስቀምጬ አያታለሁ። አንድ ነገር ዓይኔን እየበላው ነው፣ እኔም ለራሴ ቁርስ ሳልሰጥ እሱን እቀልበዋለሁ እላለሁ። እያጉረመረምኩም ቢሆን እውጣት ነበር።

ትምህርት ቤት ለማንም አልተናገርኩም። ርእሰ መምህሩን ለምኜ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ተዛወርኩ፤ ያን ጊዜ ፀሐይዋ ወደ ሕንፃው ጀርባ ትዞራለች። መስኮቱ አጠገብ የሚቀመጡትን ተማሪዎች መጋረጃውን እንዲስቡ አዛለሁ። እጅ ያወጣውን ተማሪ ስለማላይ «እናንተው ጀምሩ» ማለትን ተማርኩ፣ እነሱም አዲስ የማስተማር ዘዴ መሰላቸው። ይህ ሁሉ ዘዴ የት ድረስ እንደሚያደርሰኝ ግን አላውቅም ነበር።

ሰኔ ላይ ተኩስ ስለነበር መንገድ ተዘጋ። ወደ ከተማው የሚገባ መኪና ሲጠፋ መጀመሪያ ዘይት ተወደደ፣ ቀጥሎ የፋርማሲው መደርደሪያ ባዶ ሆነ፣ የእኔም ኪኒን አለቀ። ያለ ኪኒን በዋልኩበት በዚያ ሰሞን አንድ ጧት ከደጄ ስወጣ የጎረቤቴን በር አየሁት። አረንጓዴ ነው። ዓመት ሙሉ ግራጫ ሲመስለኝ የከረመ በር ነው። ቆሜ አፈጠጥኩበት፣ ጎረቤቴ ወጥታ «ምነው፣ በሬ ምን ሆነ?» እስክትለኝ ድረስ።

መንገዱ ሲከፈት ፋርማሲስቷ ደወለችልኝ፤ መድኃኒቱ ገብቷል፣ መጥተሽ ውሰጂ አለችኝ። እሺ አልኳት፣ ግን አልሄድኩም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበርና ልብሴን በቦርሳ ከትቼ የደባርቁን ሚኒባስ ተሳፈርኩ፣ ኮሶዬ እናቴ ቤት ወረድኩ።

እናቴ የዓይኔን ነገር ከሰማች ጀምሮ ጠበል፣ ጠበል ስትለኝ ነው የኖረችው። ለፍልሰታ ጾም ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ጠበል ሱባዔ እንድይዝ ተስላልኛለች። የእኛ ሰው ደግሞ ልማድ አለው፤ ጠበል የገባ ሰው ኪኒን ያቆማል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ እግዜርን መጠራጠር ይመስለዋል። በዚህ ነገር ከእናቴ ጋር ስንት ጊዜ ተኳርፈናል። እኔ ኪኒኔን አልተውም፣ እሷ ደግሞ ከእነ ኪኒንሽማ ውኃው ምን ያደርግልሻል ባይ ናት።

«እማ፣ ኪኒኑን ትቼዋለሁ» አልኳት፣ ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ።

መደብ ላይ ቁጭ አለች። «እሰይ፣ እሰይ ልጄ። እንግዲህስ ሸጋ ነገር እናያለን» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ስለ አይጦቹ አልነገርኳትም። እሷ በእምነቷ፣ እኔ በባዮሎጂዬ፣ በየመንገዳችን መጥተን አንድ ቦታ ተገናኘን። እንደዚያ ተስማምተን የተቀመጥንበትን ጊዜ አላስታውስም።

ሐምሌ የደስታ ወር ሆነልኝ። ኮሶዬ በክረምት ጉም ነው፤ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ገብሱንም፣ ባሕር ዛፉንም፣ መንገድ ዳር ያሉትን ምግብ ቤቶችም ይውጣቸዋል። ሰው በዚያ ጉም መንገድ ሲስት እኔ አየሁ። የእናቴን ቀሚስ ጥለት ቀዩን ከቢጫው ለየሁ። አስፋልቱ ላይ የሚመጣውን ሰው ሳይናገር በፊቱ አወቅሁ። አንድ ሽማግሌ የአባቴን ዘመድ ከሩቅ «እንዴት ዋሉ አያ» ብዬ ስጠራው ቆም ብሎ አየኝና «የኩሩው ልጅ ሰው ማየት ጀመረች?» አለ። ሰደበኝ ብዬ አልተቀየምኩም። ኮኖቼ ተርፈዋል እያልኩ ከጉሙ ጋር ስወጣና ስወርድ ከረምኩ።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታም ተያዘ። ጠበሉ ከቋጥኝ ሥር የሚወርድ ነው፣ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ነጭ ለብሰው ከተሰለፉት ሴቶች ጋር ተሰልፌ፣ የሚያጠምቁት ቄስ በመስቀላቸው ባርከው ሲያስገቡኝ፣ መጀመሪያ ሰሞን ጥርሴ እየተንገጫገጨ እጮህ ነበር። በኋላ መጮህ ተውኩ። መንቀጥቀጥም ተውኩ። እናቴ በርትተሻል አለችኝ፣ እኔም የበረታሁ መሰለኝ። ሰውነቴ ብርዱን መታገል እያቆመ እንደነበር ለባዮሎጂ መምህርቷ አልገባትም።

ድምፄ ጎረነነ። ፊቴ አበጠ፣ የቅንድቤም ጫፍ ረገፈ። እናቴ ስትጠራኝ እሰማለሁ፤ አቤት ለማለት ግን ብዙ ጊዜ ይፈጅብኛል። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ተደግፌ በቁሜ እተኛለሁ። ድንች ልልጥ እቀመጥና አንዱን ድንች እንደያዝኩ እውላለሁ። ሰዉ የሱባዔ ዝምታ መሰለው፤ ልጅቷ ተመስጦ ውስጥ ገባች ብለው ለእናቴ የነገሯት ሴቶች ነበሩ።

በፍልሰታ ማብቂያ ግድም አንድ ቀን ከጠበሉ ዳገቱን ስንወጣ ደመናው ተቀደደ። ፀሐይ ወጣች፣ ወዲያውም ሁሉ ነገር ነጭ ሆነ። ገብሱ የለም፣ መንገዱ የለም፣ ከፊቴ የምትሄደው እናቴ የለችም። ያኔ ነገሩ ግልጥ አለልኝ። ዓይኔ አልዳነም። ከሰኔ ጀምሮ ያየሁት ሁሉ፣ የጎረቤቴም በር ጭምር፣ ክረምት ስለሆነ የታየኝ ነው፤ ፀሐይን የጋረደልኝ ደመናው ነው። ይህን ሁሉ አወቅሁ፣ ነገር ግን ምንም አልተሰማኝም። ዓይኔ ሊጠፋ ነው ብዬ ትራስ ነክሳ ያለቀሰችው ሴት እኔ አልነበርኩም ያሰኛል። እሺ አልኩና መሬቱን በእግሬ እየዳበስኩ መውጣቴን ቀጠልኩ።

በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ምድጃው ዳር ተቀምጬ ሳለሁ የነጠላዬ ጫፍ እሳት ያዘ። አየሁት። ቤቱ ጨለም ያለ ስለነበር ዓይኔ ምንም አልጎደለውም፣ በደንብ አየሁት። ነበልባሏ በጠርዙ እየሄደች ወደ እጄ ስትመጣ እያየሁ፣ መነሣት እንዳለብኝ እያወቅሁ፣ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። እናቴ ውኃ ይዛ ስትገባ አየችኝና የያዘችውን ሁሉ ደፋችብኝ።

«ምነው አትጮሂም?» አለችኝ እጄን ይዛ። ቆዳው ተገፍፏል። «እየነደድሽ ምነው ዝም አልሽ ልጄ?»

«ልነሣ ነበር» አልኳት።

ሲነጋ ቄሱ ጋ ሄደች፤ ያሏትን የነገረችኝ ኋላ ነው። የሆንኩትን ሁሉ ስትዘረዝርላቸው ተቆጧት። «ኪኒኑን ትተው ብዬ መቼ አዘዝኩ? መድኃኒቱንስ የፈጠረው ማን መሰለሽ?» አሏት። ክርክር አልገጠመችም። ቤት ተመልሳ ቦርሳዬን በረበረች፣ ባዶውን የኪኒን ማሸጊያ አገኘች፣ በመቀነቷ ቋጠረችው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ጎንደርም ለብቻዋ ሄዳ አታውቅም። ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ኬላው ላይ ወርዳ ተፈትሻ፣ ያንን ባዶ ማሸጊያ ከፋርማሲ ፋርማሲ እያሳየች መድኃኒቱን አገኘችና በዚያው ቀን ተመለሰች። በነጋታው ማለዳ ኪኒኑን በጠበል አስዋጠችኝ። ስለቱንም ሐኪሟንም አላስቀየመችም።

ሆርሞን አይቸኩልም፣ ሳምንታት ፈጀ። መጀመሪያ የተመለሰው ብርዱ ነው፤ ጋቢ ደርቤም እንቀጠቀጥ ጀመር። ቀጥሎ ንዴቴ መጣ። አንዲት ጎረቤት ከአጥር ወዲያ ሆና ሱባዔዋን አፈረሰች ስትለኝ ሰምቼ ልጣላት ተነሣሁ፣ እናቴም ይህን አይታ በደስታ ሳቀች። ከንዴቱ ኋላ ፍርሃቱ መጣ፤ እሱ ሲመጣ የሳቀ የለም። መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ጠራ፣ እኔም ቀን ቀን ቤት ውስጥ ተደበቅሁ። ወደ ጎንደር ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ መስኩ ቢጫ ለበሰ እያለ ይደነቅ ነበር። እኔ የማየው አመድ ነው። መሐረቤን አፌ ላይ አድርጌ ከተማ ገባሁ።

እናቴ ሆስፒታል ድረስ አብራኝ ገባች። ሐኪሟ መጀመሪያ ጊዜ ያሠራችኝን፣ ብልጭታ ሲታየኝ ቁልፍ የምጫንበትን ምርመራ ደግማ አሠራችኝና ውጤቱን ከፊተኛው ጋር አስተያየችው። ኪኒኑን ማቋረጤን ነገርኳት፤ ለምን እንዳቋረጥኩም፣ እናቴ እየሰማች። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ጠቀመኝ ወይስ ጎዳኝ?» አልኳት።

«እይታዎ ቀንሷል። ኪኒኑን እየወሰዱ ቢከርሙ ከዚህ የባሰ ይቀንስ ነበር ወይ ቢሉኝ አላውቅም። ማንም ሊነግርዎ አይችልም። ያንኑ ክረምት በሁለት መንገድ ኖሮ ማየት አይቻልም።»

እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ልጄ፣ ይኸ ኪኒን ዓይኗን ይጎዳዋል ወይ?»

«እማማ፣ ከልኩ ካለፈ ያሰጋል። በልኩ ከሆነ ይጎዳታል የሚያሰኝ ነገር ሰው ላይ አላየንም። ያለ እሱ ግን አትኖርም። ትንሽ ነበር የቀራት።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

ስንወጣ ቀትር ነበር። ግቢው፣ ሰዉ፣ ባጃጁ፣ ሁሉም ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ደረጃው ጋ ስደርስ እግሬን አንሥቼ የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ። እናቴ ክንዴን ያዘችና «ውረጂ፤ አሁንም ውረጂ» እያለች አወረደችኝ። ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የኪኒን ማሸጊያው እጄ ላይ ነበር።

«እማ» አልኳት፣ «ይህን እንደገና ባልጀምረው ኖሮ ዓይኔ ምናልባት ትንሽ ይቆይልኝ ነበር።»

ወደ እሷ ዞርኩ፤ ነጠላዋ እንጂ ፊቷ አልታየኝም።

«ነሐሴ ላይ ቤቴ የተቀመጠችውን ሴት እኔ አላውቃትም» አለች። «ዓይኗ ቢተርፍስ ማን ሊያይበት ነው?»

እንባዬ መጣ። ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፣ ተማሪዎቼ በሚያልፉበት ከተማ ደግሞ ይብስብኛል። ነጠላዬን ስቤ ልሸፈን ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተይው፣ አልቅሺ» አለች። «ነሐሴ ላይ እኮ ይኸም አልነበረሽም።»